ወሽመጥ

ፖርት አንጀለስ ወደብ፣ በግንቦት ማለዳ፣
ከጭነት መኪና ኋላ፣ በካፊያ፣ በሜዳ፣
ቆመናል እኔና ዘርፌ፣ ሁለት አሮጌ ብስክሌት ይዘን፣
አርባ አርባ ዶላር ከጨረታ ቤት ገዝተን።
የሷ ቀይ ነው። የእኔ ቀለሙ አይታወቅም፤
ኮርቻውን በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ፣ ዝናብ አያስገባም።

አሥራ ስምንት ዓመት በሲያትል አየር ማረፊያ፣
ከመስታወት ዳስ ውስጥ፣ ከመኪና ማቆሚያ፣
ቲኬት ስቀበል፣ ኬላውን ሳነሳ፣
ስንቱ ባሕር ማዶ ሄደ! ስንቱ ረሳ
«እንዴት አደርክ» ማለትን!
ሻንጣው ጣሪያ ላይ፣ ልጁ ኋላ ወንበር፣
ከእኔ ክንዴ ብቻ ነበር የሚሻገር።

ዘርፌ ናት ነገሩን ያመጣችው።
በጥር፣ ከሥራ ገብታ፣ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ፣
ካርታ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፦
«አሁንስ አንተ እለፍ» አለችኝ፣
«ሌላ ሰው ይክፈትልህ።»

መርከቧ አፏን ከፈተች። ብስክሌት ይቅደም ተባለ።
እንደ በቅሎ እየሳብን ገባን፤
ቢጫ ሰደርያ የለበሰ አንድ ወጣት
ከብረቱ ግድግዳ ጋር በገመድ አሰረልን፣
ሁለቴ ጠምጥሞ፣ አንዴ ሸምቅቆ፣ ያለ ቃል፣
የእንግዳን ከብት ማሰር እንደሚያውቅ ባላገር።

ከዚያ ጡሩንባው! ደረቴ ውስጥ የተነፋ መሰለኝ።
ምድር ቀስ ብላ ከእግራችን ሥር ተላቀቀች፣
መርከቧም ወሽመጡን መሐል ለመሐል ቆረጠች።
«ወሽመጤ ተቆረጠ» ሲል ሰው ስሰማ ኖሬ፣
የሚያስደስት መቆረጥ አላየሁም እስከ ዛሬ፦
አረፋው ከኋላችን እንደ ጥጥ ሲፈታ፣
ተራሮቹ በረዷቸውን እንደተሸከሙ
ወደ ኋላ ሲቀሩ፣ ያለ አንዳች ስሞታ።

ሐሳቡን ያመጣችው እሷ፣
ባሕሩን ስፈራ የከረምኩት እኔ፣
የታመመችው ግን እሷ ሆነች።
ጀርባዋን አሻሻለሁ።
«ስንት ደቂቃ ቀረ?»
«ሰማንያ።»
«ውሸታም! ቀንስ።»
«እሺ፣ ሰባ።»

ቪክቶሪያ ስንወርድ ሰንሰለቴ ወለቀ፣
ከፍተሻው ዳስ ፊት፣ ሰው ሁሉ እየጠበቀ።
ተንበርክኬ መለስኩት፤ አውራ ጣቴ ጠቆረ፣
በዚያው እጅ ፓስፖርቴን ሰጠሁ፣
የግራሶ አሻራዬ ገጹ ላይ ቀረ።

መኮንኑ አየው። እኔ ደግሞ ዳሱን አየሁ፦
ያችው ወንበር፣ ያችው እግር ማሞቂያ፣
ግማሹ የተበላ ሙዝ።
«እንዴት አደርክ» አልኩት፣ ሳልረሳ።
ቀና አለ።
«የመጡበት ጉዳይ?»
ብስክሌቱን በአገጬ አሳየሁት።
«ለስንት ቀን?»
«ጉልበቴ በቃኝ እስኪል።»
ሳቀ ይሁን ሳለ፣ ከመስታወቱ ወዲያ አልለየሁም፤
ማኅተሙን ግን ከአሻራዬ ጎን፣ ሳይነካው፣ አሳረፈው።

አባቴ ስሙን መጻፍ አያውቅም ነበር።
ለመሬት ግብር፣ ለዕድር፣ እኔን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ፣
አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይጫን ነበር፣ እያፈረ፣
ወዲያው በኮቱ ጫፍ ይጠርገው ነበር።
የተማርኩት ልጁ፣ ይኸው፣
በሃምሳ ሰባት ዓመቴ በጣቴ ፈርሜ
ሰው አገር ገባሁ።
ጣቴን አልጠረግሁትም።

ዘርፌ፣ ፊቷ አመድ እንደመሰለ፣ ቀድማኝ ወጣች፣
ደወሏን ሁለቴ መታች።
«ሲድኒ፣ ሠላሳ ሁለት» ይላል የመንገዱ ምልክት።
«ማይል አይደለም እኮ!» ብላ ጮኸች
ዞራ ሳታይ፣ ዕዳ እንደተማረላት፣ «ኪሎ ሜትር ነው!»
እኔ ገና አንድ እግሬ መሬት ላይ ነው።
ፌስታሉ ከሥሬ ይንኮሻኮሻል።